ወረቀቱ ወይስ ሥራው? የኡበር ክሶች ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም ያመጡት

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል። ቨርጂኒያ፣ ደለስ ኤርፖርት፣ የሾፌሮች መጠበቂያ ሜዳ። ሞተሩን አጥፍቻለሁ፤ ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ስልኬ በወረፋው 52ኛ እንደሆንኩ ይነግረኛል። ድንገት ሌላ ገጽ መጣ። «ውላችንን አሻሽለናል» ይላል። ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። «አልስማማም» የሚል የለም። ካልነካሁት አፑ አይከፈትም፤ አፑ ካልተከፈተ ወረፋዬ ይቃጠላል። ስንት ገጽ እንደሆነ ለማየት ወደ ታች ገፋሁት። ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ አያልቅም። አጠገቤ ያቆመ ልጅ ከፔርሙዝ ቡና እየቀዳልኝ «ኧረ ተወው፣ ማን ያነበዋል» አለኝ። ነካሁት። ከ40 ደቂቃ በኋላ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሰው ደረሰኝ።

ያን ሌሊት ሁለት ነገር አሳልፌ ሰጥቼ ነበር። አንዱ 40 ደቂቃዬ ነው፤ ማንም አልከፈለኝም። ሁለተኛው ፍርድ ቤት የመሄድ መብቴ ነው። እሱን መስጠቴንም አላወቅኩም። ላለፉት አሥር ምናምን ዓመታት በየአገሩ የተካሄዱት የኡበርና የሊፍት (በስልክ አፕ መኪና የሚጠራባቸው ሁለት ኩባንያዎች) ክሶች ሲገላለጡ አብዛኞቹ እዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ያርፋሉ። መጠበቅ ሥራ ነው ወይ? ስንጣላስ ማን ይዳኘናል?

እኛ ጽሑፍ የምናከብር ሰዎች ነን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እየተባልን ነው ያደግነው። የፈረመ ሰው አለቀለት ብለን እናምናለን። ስለዚህ ብዙ የአገሬ ሾፌሮች «ፈርመናል እኮ፣ ምን ብለን እንከሳለን?» ሲሉ እሰማለሁ። ፍርድ ቤቶቹ የተከራከሩት ግን በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ውሉ ላይ የተጻፈውን እንመን ወይስ መንገድ ላይ የሚሠራውን ሥራ እንይ? መልሱ እንደ አገሩ ተለያይቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከለንደን ልጀምር፤ ነገሩ ጥርት ብሎ የተነገረው እዚያ ስለሆነ። ያሲን አስላምና ጄምስ ፋራር የሚባሉ ሁለት ሾፌሮች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ኡበርን ከሰሱ። የኩባንያው መልስ እንደተለመደው ነበር። እኛ አገናኝ ነን፣ ሾፌሩ የራሱ ነጋዴ ነው፣ ውሉም የሚለው ይህንን ነው አለ። በ2016 ጉዳዩን ያየው የሥራ ክርክር ችሎት ይህን አልተቀበለም። ለንደን ውስጥ 30,000 ትናንሽ ነጋዴዎች በአንድ አፕ ተያይዘው ይሠራሉ ማለት ለሳቅ የቀረበ ነው ብሎ ጣለው። ኡበር ይግባኝ አለ፣ ተሸነፈ። እንደገና ይግባኝ አለ፣ ተሸነፈ። የካቲት 2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ጉዳዩን ዘጉት።

ዳኞቹ ያነሷቸው ነጥቦች ማንኛውም ሾፌር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቃቸው ናቸው። ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ውሉን የጻፈው ማን ነው? ጥሪ ደጋግመህ እምቢ ስትል ከአፑ የሚያስወጣህ ማን ነው? ኮከብ እየቆጠረ የሚያስፈራራህስ? ተሳፋሪህን ለነገ ደንበኛህ እንዳታደርገው የሚከለክልህስ? መልሱ ሁሌም ኩባንያው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በምን በኩል ነው የራሱ ነጋዴ የሚሆነው? ከዚያ ደግሞ እኔ ከሁሉ የምወደውን ነገር ተናገሩ። የሠራተኛ ሕግ የወጣው ደካማውን ወገን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ጉልበት ያለው ወገን ራሱ የጻፈውን ወረቀት መነሻ አድርጎ መፍረድ ሕጉ የወጣበትን ዓላማ ያፈርሳል።

በዚህ ፍርድ ሾፌሮቹ ሙሉ ተቀጣሪ አልሆኑም። በእንግሊዝ ሕግ በተቀጣሪና በራሱ ሥራ ባለቤት መካከል አንድ ሦስተኛ መደብ አለ፤ እዚያ ገቡ። ዝቅተኛ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ክፍያ አገኙ። መጠበቅንም በተመለከተ ዳኞቹ አልሸሹም። ሾፌሩ ፈቃድ ባለው ከተማ ውስጥ ሆኖ አፑን ከፍቶ ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ እስከሆነ ድረስ በሥራ ላይ ነው አሉ።

ከአንድ ወር በኋላ ኡበር በእንግሊዝ ያሉትን ከ70,000 በላይ ሾፌሮች በአዲሱ መደብ እንደሚያስገባ አስታወቀ። የዓመት ፈቃድ ክፍያ መጣ፣ ጡረታ መጣ። ዝቅተኛው ደመወዝ ግን የሚሰላው ጥሪ ከተቀበሉበት ደቂቃ ተሳፋሪው እስከሚወርድበት ደቂቃ ነው ተባለ። መጠበቁ ተመልሶ ወደ ውጭ ወጣ። ለዚህ ነው ፍርድ ማግኘትና ፍርዱን ኪስ ውስጥ ማስገባት ለየቅል ናቸው የምለው። አምስት ዓመት የተሟገተ ሰው እንደገና ስለዚያችው ደቂቃ መሟገት የለበትም ነበር።

ካናዳ የተነሳው ጥያቄ ሁለተኛው ነው፣ ማን ይዳኘናል የሚለው። ኦንታሪዮ ውስጥ ለኡበር ኢትስ ምግብ የሚያደርስ አንድ ሾፌር በ2017 ተቀጣሪ ነኝ ብሎ የቡድን ክስ መሠረተ። ኡበር ውሉን አወጣ። ውሉ ጠብ ካለ ፍርድ ቤት ሳይሆን ግልግል ይላል። ግልግሉ የሚደረገው ኔዘርላንድስ ነው። ለመጀመር ብቻ 14,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይከፈላል። ይህ ሾፌር በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት እየሠራ የሚያገኘው ከ400 እስከ 600 የካናዳ ዶላር ነበር። ማለትም አብዛኛውን የዓመት ገቢውን ይዞ አምስተርዳም ካልሄደ አቤት ማለት አይችልም። ሰኔ 2020 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዘጠኙ ዳኞች በስምንቱ ድምፅ ይህን አንቀጽ ውድቅ አደረገው። የመደራደር አቅሙ ያልተመጣጠነ ነው፣ ሰውየው ምን እየፈረመ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም፣ ውጤቱም ግፍ ነው ተባለ።

እዚህ ላይ «ግልግል» የሚለው ቃል ራሱ እኛን ያሳስተናል ብዬ አስባለሁ። በአማርኛ ግልግል ስንል ሽማግሌ ይታየናል። ዋርካ ሥር ሁለቱም ወገን የመረጧቸው ሰዎች ተቀምጠው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ የበደለ ይቅርታ ይጠይቃል። የኩባንያዎቹ ግልግል ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ደንቡን የጻፈው አንዱ ወገን ነው። የሚካሄደው በዝግ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቻህን ነው የምትቆመው። አንድ ዓይነት በደል የደረሰባቸው አሥር ሺህ ሰዎች አንድ ላይ መክሰስ አይችሉም።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ሳን ፍራንሲስኮ በ2013 የተጀመረውን ክስ ማየት ይበቃል። የቦስተኗ ጠበቃ ሻነን ሊስ-ሪዮርደን ሾፌሮቹ ተቀጣሪዎች ናቸው ብላ የቡድን ክስ መሠረተች። በ2016 ኡበር እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስምምነቱ የሚመለከታቸው በካሊፎርኒያና በማሳቹሴትስ ያሉ 385,000 ገደማ ሾፌሮች ነበሩ። ዳኛ ኤድዋርድ ቼን ገንዘቡ አይመጥንም ብለው ስምምነቱን ሳያጸድቁት ቀሩ። ከዚያ በ2018 የይግባኙ ፍርድ ቤት የግልግሉ አንቀጽ ይሠራል አለ። የቡድን ክሱ ተበተነ። በ2019 ጉዳዩ ሲዘጋ የቀሩት 13,600 ሾፌሮች፣ ገንዘቡም 20 ሚሊዮን ነበር። በካናዳ ዳኞቹ የሰውየውን ገቢ አይተው ፈረዱ። በአሜሪካ ግን በ1925 የወጣ የፌዴራል የግልግል ሕግ አለ፤ ዳኞች ወረቀቱን እንዲያከብሩ ያስገድዳል።

ሾፌሮቹ ግን አልተቀመጡም። ግልግል ከተባለ ግልግል ይሁን አሉ። ታኅሣሥ 2018 ላይ 12,501 ሾፌሮች እያንዳንዳቸው የግልግል ጥያቄ አስገብተው፣ ኡበር ድርሻውን ክፍያ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ጠየቁ። የአንዱ መክፈቻ 1,500 ዶላር ነበር። አስሉት፤ ለመጀመር ብቻ ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2019 ኡበር አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ እንደገለጸው የግልግል ጥያቄዎቹ 60,000 ደርሰው ነበር። አብዛኞቹን ለመዝጋት ከ146 እስከ 170 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተናግሯል። ብቻህን ቁም የተባለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ሲቆም የሚሆነው ይህ ነው።

ወደ መጠበቁ ልመለስ፤ ቤት የሚገባው ገንዘብ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ካሊፎርኒያ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ፣ በ2019 ደግሞ ሕግ አውጪዎቿ ሾፌሩን ወደ ተቀጣሪነት አስጠጉት። ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው በኅዳር 2020 ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት፤ ፕሮፖዚሽን 22 ይባላል። አለፈ። ሾፌሩ ተቀጣሪ ሳይሆን ቀረ። በምትኩ ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 በመቶ ዋስትና ተሰጠው፤ የሚቆጠረው ግን ጥሪ ከተቀበለ በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። በ2021 አንድ ዳኛ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሐምሌ 2024 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ አጸናው።

በማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሁለቱን ኩባንያዎች በ2020 ከሳ ነበር። በ2024 ችሎት ላይ እያሉ ተስማሙ። 175 ሚሊዮን ዶላር፤ ከኡበር 148፣ ከሊፍት 27። ሾፌሩ በሰዓት 32.50 ዶላር እንዳያንስ ተባለ። ጥሩ ይመስላል፣ ከቀድሞውም ይሻላል። ግን አሁንም ሰዓቱ የሚቆጠረው ጥሪ ከተቀበሉ በኋላ ነው። አሥር ሰዓት ውጭ ውለህ ስድስቱን ብቻ ጥሪ ላይ ከነበርክ ዋስትናው 195 ዶላር ነው። ለአሥሩ ሲካፈል 19.50 ይሆናል። ከዚያ ላይ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ አለ። የራስህ ሥራ ስለተባለ ደግሞ ተቀጣሪ ከአሠሪው ጋር የሚካፈለውን 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ሙሉውን አንተ ትከፍላለህ። የመኪናው እርጅና ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ኒው ዮርክ ከተማ ሌላ መንገድ ሞከረች። ከ2019 ጀምሮ የሾፌር ክፍያ ስሌት ውስጥ ባዶውን ጊዜ አስገባች። መኪኖች ባዶ በዋሉ ቁጥር ኩባንያው በደቂቃና በማይል የሚከፍለው ከፍ ይላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። መጠበቅ ዋጋ እንዳለው የሚያምን ስሌት ነው። ግን በ2024 በጋ ላይ ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ አፑ እየተዘጋባቸው መንገድ ዳር ቆሙ። ባዶ ጊዜው በመዝገብ እንዳይታይ ባዶው ሾፌር ራሱ እንዲወጣ ተደረገ። ሰዎች ለአንድ ጥሪ ስልካቸውን በየደቂቃው ሲነካኩ ይውሉ ነበር።

በሲያትል ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች በዚህ ሥራ ብዙ ናቸው። ከተማዋ በ2015 ሾፌሮች በማኅበር እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ደንብ አወጣች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። የንግድ ምክር ቤቱ ከሰሳት፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2018 አዳከመው፣ ኋላም ተወችው። ትግሉ ግን ባዶ አልቀረም። በ2022 የዋሽንግተን ግዛት በደቂቃና በማይል ዝቅተኛ ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድ፣ አካውንት ሲዘጋም ይግባኝ የማለት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። በሚኒሶታም ሶማሌዎች ከፊት የቆሙበት ትግል በ2024 በወጣ ሕግ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ዝቅተኛ ክፍያ አስገኝቷል።

አካውንት መዘጋት ካልኩ አይቀር፣ ለእኔ ከገንዘቡም የከፋው ይህ ነው። አንድ ወዳጄ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ጠዋት ተነስቶ አፑን ሲከፍት «አካውንትዎ ተዘግቷል» የሚል መልእክት አገኘ። ምክንያቱ «ማጭበርበር»። ምን አጭበረበርኩ ብሎ ጻፈ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፤ ያው ዓረፍተ ነገር። እንደገና ጻፈ፣ ያው። የመኪናው ክፍያ ወር ቆጥሮ ይመጣል። ሰው ፊት ቀርቦ «ስማኝ» የሚልበት በር የለም። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ንጉሡ ግን ቢያንስ ፊት ነበረው። ወዳጄ ከሁለት ወር በኋላ መጋዘን ተቀጠረ። ለምን እንደተባረረ እስከዛሬ አያውቅም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሚያዝያ 2023 የአምስተርዳም የይግባኝ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ልብ የሚያርስ ነው። ኡበር በማጭበርበር ጠርጥሮ ያገዳቸው ሾፌሮች ከሰው ይልቅ ማሽን ነው የፈረደብን ብለው ነበር። ፍርድ ቤቱ በውሳኔው ውስጥ የሰው እጅ ከስም ያለፈ አይደለም አለ። ሾፌር የተባረረበትን ምክንያትና መረጃ የማግኘት መብት አለው ብሎ ወሰነ። የአውሮፓ ሕብረትም በ2024 በእንዲህ ያሉ አፖች የሚሠራ ሥራን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ አባል አገሮች እስከ ታኅሣሥ 2026 በሕጋቸው ማስገባት አለባቸው።

ተሳፋሪውስ? ብዙ ሰው ይህ የሾፌርና የኩባንያ ጠብ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቁልፉን ግን ተሳፋሪውም ነክቶታል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ባልና ሚስት በ2022 ኡበር ተሳፍረው ሲሄዱ አደጋ ደረሰባቸው። ብዙ አጥንታቸው ተሰበረ። ኩባንያውን ሲከሱ ግልግል አለባችሁ ተባሉ። ለምን? ከአደጋው ሦስት ወር ገደማ በፊት ልጃቸው በእናቷ ስልክ በኡበር ኢትስ ፒዛ ስታዝ አዲሱን ውል «እስማማለሁ» ብላ ነክታለች። መስከረም 2024 የይግባኙ ፍርድ ቤት ስምምነቱ ይጸናል አለ። ለልጁ ስልኩን የሚሰጥ ወላጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል።

የወሲብ ጥቃት ክሶች ግን ሌላ መንገድ ሄደዋል። ኡበር ራሱ ባወጣው ሪፖርት በ2017ና በ2018 አሜሪካ ውስጥ 5,981 ከባድ የወሲብ ጥቃት ጥቆማዎች ደርሰውታል። ጥቃቱ የደረሰባቸው ተሳፋሪዎችም ሾፌሮችም ናቸው። ኩባንያው በግለሰብ ደረጃ ለሚቀርቡ እንዲህ ያሉ ክሶች የግልግል ግዴታውን በ2018 አነሳ። በ2022 ደግሞ የፌዴራል ሕግ ለሁሉም አስቀረው። በሩ ስለተከፈተ ሺዎች ፍርድ ቤት ደረሱ። የካቲት 2026 ፊኒክስ ላይ የተሰየመ ጁሪ (ከተራ ዜጎች የተመረጡ ፈራጆች) ለአንዲት ተሳፋሪ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። የፈረዱት ኩባንያው ቸልተኛ ነው ብለው አልነበረም። ሾፌሩ በተሳፋሪዋ ዓይን የኡበር ወኪል ነው ብለው ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ያው የለንደኑ ክርክር ነው። ወረቀቱ አገናኝ ነን ይላል። መኪናው ውስጥ የገባችው ሴት ግን የጠራችው ኡበርን ነው።

አዲስ አበባ ላለው አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ራይድና ፈረስን በስልክ የሚጠራ ተሳፋሪና ጥሪውን የሚቀበል ሾፌር እዚያም በየቀኑ ይገናኛሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሥራ ውል አለ የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ ሲስማማ ነው። «በአሠሪው መሪነት» የምትለዋን ቃል ይዞ አፑን ማየት ነው። ዋጋ የሚቆርጥ፣ ጥሪ የሚያከፋፍል፣ ሲፈልግ የሚዘጋ ሶፍትዌር ይመራል ወይስ አይመራም? የእኔ እምነት ይመራል ነው። ሙግቱ ግን ቀላል አይሆንም። አዋጁ ደመወዝም ይላል፤ አፑ ላይ ደግሞ ኮሚሽን የሚቆረጥበት ሾፌሩ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የማታውቁት ፖስታ ወይም ኢሜል ስለ «ሰትልመንት» (ክስ በስምምነት ሲዘጋ ስለሚከፈል ገንዘብ) ሲመጣ አትጣሉት፤ እውነተኛነቱን በዐቃቤ ሕጉ ድረ ገጽ አረጋግጡ። የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ በ2023 ከኡበር 290፣ ከሊፍት 38 ሚሊዮን ዶላር አስከፍላለች። ከሾፌሩ ክፍያ አላግባብ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ድርሻውን ለማግኘት ግን ፎርም መሙላት ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛ፣ የኡበርም የሊፍትም የሾፌር ውል ውስጥ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ገጽ መሐል፣ አንድ በር አለ። ከተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ከግልግሉ አንቀጽ እወጣለሁ ብላችሁ በኢሜል ማሳወቅ ትችላላችሁ። አድራሻው እዚያው ተጽፏል። ከዚህ በፊት የተቀበላችሁት ውል ካለ አሮጌው ሊያስራችሁ ስለሚችል ያንን ክፍል ማንበብ ወይም ጠበቃ መጠየቅ ይሻላል። ብትወጡ አትባረሩም።

እኔ ይህን ሳውቅ 30 ቀኔ አልፎ ነበር። ያ ቡና የቀዳልኝ ልጅ ግን አዲሱ ውል የደረሰው ከእኔ በኋላ ነበር፤ ከተስማማ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። በሚቀጥለው ሌሊት እዚያው ሜዳ ላይ መኪናዬ ውስጥ ገባና አብረን ጻፍነው። አራት መስመር ነው። ስሙ፣ ስልኩ፣ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜል፣ ከዚያ «ከግልግል አንቀጹ መውጣት እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር። ሁለት ጊዜ አነበበውና ላከው። ወረፋው 11 ደርሶ ነበር፤ ፔርሙዙን እኔ ጋ ትቶ ወደ መኪናው ሮጠ።